መቃብር የሌለው ግቢ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት

የደም ግፊት ኪኒን ተዋጠ። የእግር ጉዞ ቀረ፤ ትናንት የወረደው በረዶ የመንገዱን ዛፎች ቅጠል አልባ አድርጓቸዋል። ለጠ/ጉባኤ የማደርገውን ንግግር እያረምኩ ሳለ ስልክ።

ሳሙኤል ነው፣ እዚህ ጆሃንስበርግ ጀፕ በሚባለው የሐበሻ ገበያ ሰፈር ብርድ ልብስ የሚያከፋፍለው። ታላቅ ወንድሙ ታምራት ሞተ። ጎመኑ መካከል ተደፍቶ ተገኘ። ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል። ሳሙኤል ይህን ሁሉ ሳያለቅስ ነገረኝ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ አንደኛው ጫማው እግሩ ላይ አልነበረም» አለና ስልኩን ዘጋ።

ታምራትን በፊቱ የማያውቅ የጆበርግ ሐበሻ በጎመኑ ያውቀዋል። ከቶኮዛ ወዲያ፣ እርሻውና ከተማው በሚገናኙበት መንደር መሬት ይዞ ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም እያበቀለ ለጀፕ ምግብ ቤቶች ያቀርብ ነበር። ዝምተኛ ሰው። ምርጫ ሲደረግ እጁን የሚያወጣው ሌሎቹ ካወጡ በኋላ ነው።

የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ ነኝና ዛሬውኑ ሰው መጥራት አለብኝ። ንግግሩ ይቆይ።

ማታ

ስብሰባው ጀፕ፣ ከምግብ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል ነበር። ሰው ሞልቶ ደረጃው ላይ ቆመ። ውሳኔው ጊዜ አልወሰደም፦ አስከሬኑ ወደ አገር ይላካል። ልማዳችን ነው፤ ሙታችንን በሰው አገር አፈር አንጥልም። መዋጮው ዞረ፤ ማንም አልሰሰተም። ከሂልብሮው የመጡት፣ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚያድሩት ልጆች እንኳ ሰጡ። በእነዚህ ሰዎች እኮራለሁ፣ ደብተሬ። አንተ ታውቃለህ።

ቀብር አስፈጻሚው አስከሬን የሚለቀው በእኔ ቃል ነው። ለዓመታት እንዲህ ሠርተናል። ተነሥቼ፣ ታምራት በእናቱ ደጅ ያርፋል ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ክፍሉ በአንድነት ተነፈሰ። ጥሩ ተናገርኩ።

ደረጃውን ስንወርድ ልጄ ሊዲያ ሚስቱ የትኛዋ እንደነበረች ጠየቀችኝ። ሊዲያ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የምትነዳልኝ እሷ ናት። ሚስቱ አልነበረችም አልኳት። ማን ጠራት? ማንም። እኔም አልጠራሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለቅሶ ደረስን። ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ የአፈር መንገድ። በአንድ ወገን በቆሎ፣ በሌላው የቆርቆሮ ቤቶች፤ ዶሮዎች፣ በገመድ የታሰረች ላም። ከጉብታው ላይ የከተማው ፎቆች ይታያሉ። ከፎቆቹ ወዲህ ደግሞ አዲስ፣ በግንብ የታጠሩ፣ ሁሉም አንድ መልክ ያላቸው ቤቶች። ሊዲያ ባለፈው ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ ከብት ነበር አለች።

በየግቢው መቃብር አለ። በሽቦ የታጠረ፣ ድንጋይ የተከበበ። አንዱ ላይ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። ጠየቅሁ። ሚስቱ ፓሌሳ አስረዳችኝ።

አማርኛዋ የጀፕ አማርኛ ነው፤ ፈጣን፣ የገበያ። አንቱታ ያስተማራት የለም፤ እኔንም «አንተ» ትለኛለች፣ በራሷ ቋንቋ «ንታቴ»፣ አባቴ፣ እያለች እያስከተለች። አልከፋኝም።

ነገሩ ይህ ነው። መሬቱ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር። ነዋሪዎቹ ወይ ሠራተኞቹ ወይ በእሱ ፈቃድ የገቡ ናቸው። ገበሬው ሲሞት ልጆቹ ለቤት ሠሪ ኩባንያ ሸጡት። ኩባንያው መንደሩን ቤት በቤት እያስነሣ ነው። መቃብር ያለበትን ግቢ ግን አይነካም፤ የሰው አጥንት ማንሣት ፍ/ቤት ያስኬዳል፣ የመንደሩንም ቁጣ ያስነሣል። መቃብር የሌለው ቤት ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። ቀለም የተቀባ ይፈርሳል።

ፓሌሳ ከሌላ አውራጃ የመጣች ናት። ታምራት ያው ከእኛ። እስከ ትናንት ሙት አልነበራቸውም።

«ንታቴ፣ እዚህ ቅበርልኝ» አለችኝ። ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ከጎመኑ ዳር ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ጎረቤቶቿ በማለዳ ቆፍረውታል፤ ጠርዙን በአካፋ አስተካክለው፣ አፈሩን በአንድ ወገን ከምረው። ያማረ ሥራ።

የመንደሩ ታላቅ፣ ጎጎ ማርታ የሚሏቸው አሮጊት፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና በቋንቋቸው ተናገሩ። ፓሌሳ ሳታለዝብ ተረጎመችው፦ «ሙት የሌለው ቤት ድንኳን ነው። እናንተ ደግሞ ሙታችሁን፣ ሌባ በር ነቅሎ እንደሚሄድ፣ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ።»

ቃሌን መስጠቴን ነገርኋት። ለማን ብላ ጠየቀች። ለእናቱ አልኩ።

ስንመለስ ሊዲያ ትነዳ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ፣ ፓፓ፣ ጉድጓዱን አይተሃል አይደል አለችኝ። አይቻለሁ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ፓሌሳ ሳትጠራ ወደ ጉባኤው መጣች። በታክሲ። የሐዘን ብርድ ልብሷን በትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ፣ ሙቀቱ እያለ። ወንበር አስመጣሁላት። ቆማ መናገር መረጠች።

ጥያቄዋን ለሁሉም ደገመችው፦ መቃብሩ ግቢዋ ውስጥ ከሆነ ቤቷ ይቆማል፣ ካልሆነ ይፈርሳል። ከዚህ የበለጠ አልጨመረችም።

ሳሙኤል ተነሣ። በሐዘን ፊቱ ከስቷል፤ ምላሱ ግን አልከሳም። ጋብቻው የት ተፈጸመ፣ ማን መሰከረ፣ ሽማግሌ ማን ላከ እያለ ጠየቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ለፋሲካ ሌላ ሐበሻ አግብታ እናገኛታለን። ጎመኑንም ያው እሷው ትሸጥልናለች» አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ጠረጴዛውን መታሁ።

ፓሌሳ አልተቆጣችም። «ሳሚ፣ ሳንባህን ታመህ እኛ ቤት ስትተኛ ፖፖህን የደፋሁት ምን ሆኜ ነው? ሚስት ሆኜ ነው ወይስ ጎመን ሻጭ?»

አሁን ሳቁ በእሱ ላይ ሆነ፣ ካለፈውም በረታ። እሱ ግን ሳቁ እስኪያበቃ ጠብቆ፣ በዝግታ፣ «ልጅ እንኳ አልወለድሽለትም» አለ።

ፓሌሳ ብርድ ልብሱን አስተካከለች።

«እሺ» አለች። «እናቱን ጠይቋት። ቁጥሯ የታሜ ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩን ሳሚ ወስዶታል። አሁን ይደውል። እሷ ልጄን አምጡልኝ ካለች ጉድጓዱን እኔ ራሴ እደፍነዋለሁ።»

ማጉረምረም ሆነ። መርዶ ለእናት በስልክ አይነገርም። ወ/ሮ አየለች ገና አልሰሙም፤ አስከሬኑ አዲስ አበባ ሲገባ የአገራቸው ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ያረዷቸዋል። እስከዚያ ልጃቸው በሕይወት አለ፤ በዚያ ዕድሜ ላለች እናት ልናደርግ የምንችለው ምሕረት ይኸው ብቻ ነው። ይህን ለፓሌሳ በጥንቃቄና በአክብሮት አስረዳኋት።

ጥቂት አሰበች። «ታዲያ አምጡልኝ ያለችው መቼ ነው?»

የመለሰላት ሳሙኤል ነው፤ የእናት ልብ ይጠየቃል ወይ ብሎ። ራሶች ተነቀነቁ። የኔም ራስ። የእናትየው ፈቃድ ግልጽ ነው፣ ውሳኔውም ይጸናል ብዬ ዘጋሁ።

ዳኛ በነበርኩበት በችሎት ዘመኔ ያልቀረበ ምስክር ቃል ተቀብዬ አላውቅም። ይህ ግን ችሎት አይደለም። ልማድ ነው፤ ልማዱም መልካም ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሊዲያ ቁርስ ላይ ሐሳብ አመጣች። አስከሬኑ ይሂድ፤ ልብሱንና ጫማውን በሣጥን አድርገን በዚያ ጉድጓድ እንቅበር። እኔም አገር ቤት አስከሬኑ ለጠፋ ሰው እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ። ሐሰት አይደለም አልኩ፤ መታሰቢያ ነው። እኔው ቆሜ አስቀብራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ቀለል አለኝ። ለፓሌሳ ደወልኩ።

ሳቀች። ካወቅኋት ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ምክንያቱን ነገረችኝ፦ ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቷ ፍየል በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አጎቴ ነው ብሎ፣ በመዝሙር አስቀብሮ ነበር። ኩባንያው ፍየል መሆኑን ሰምቶ አስቆፈረ። በማግሥቱ ዶዘር ላከበት። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ቀብር የኩባንያው ዘበኛ ይመጣል፤ ክዳኑ ተነሥቶ ፊት ካላየ አይሄድም።

«ንታቴ፣ ለዚያች ፍየል እኔም አልቅሼ ነበር» አለችኝ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ አለች። ምስጋናዋ የእውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀብር አስፈጻሚው ደወለ። ሁሉ ዝግጁ ነው፤ የሚጠብቀው የእኔን ቃል ነው። አሁንም ማጠፍ ይቻል ነበር። አሰብሁበት። ቃሌን ዛሬ ባጥፍ ነገ በሚሞተው ላይ፣ ከዚያም በሌላው ላይ፣ ሬሳ መካከል አድርገን ልንካሰስ ነው። ይህን ማኅበር ያቆመው አንድ ሰው የተናገረው መጽናቱ ነው። ስለ አንድ ቤት ብዬ...

ይለቀቅ አልኩ። ድምፄ እንደ ወትሮው ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል። ሣጥኑ በእንጨት ታሽጎ፣ በአጠገቡ የአበባ ማዳበሪያ ጆንያዎች የሚጭን ማሽን ወዲያና ወዲህ ይላል።

ሳሙኤል ሊሸኘው አይችልም፤ በያዘው የጥገኝነት ወረቀት ከወጣ መመለስ የለም። አንድ መንገደኛ ነው አብሮት የሚሄደው። እንጨቱን በመዳፉ እየደባበሰ፣ ሲመጡ ሞዛምቢክ ላይ በወባ ሲወድቅ ወንድሙ በጀርባው ተሸክሞት እንደተጓዘ ነገረኝ። «ተሸክሞ ያመጣኝን ሰው በሩ ድረስ እንኳ ልሸኘው አልቻልኩም፣ ጋሼ።» አቀፍኩት። ሸሚዜን አርሶ አለቀሰ። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን መጻፍ ይገባኛል።

ፓሌሳም መጥታ ነበር። በበሩ ያለው ጠባቂ የቤተሰብ ሰው መሆኗን አንድ ሰው ያረጋግጥልኝ ብሎ አቆማት። ሳሙኤል ፊቱን አዞረ። እኔ የርክክቡን ወረቀት እየፈረምኩ ነበር። ቀና ስል አልነበረችም።

ሊዲያ እስከ ቤት ድረስ ሬዲዮ አበራች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ቀይ ቀለሙ ተቀባ። ፓሌሳ ፎቶ ላከችልኝ። ጽሑፍ የለውም፤ ፎቶ ብቻ። ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ መሠረቱ ወርዷል።

ሌላም አለ። ሳሙኤል በጭነት መኪና ሄዶ የውኃ ሞተሩን፣ ቱቦውን፣ የዕቃ ቤቱን ቆርቆሮ ጭኖ ወሰደ። የወንድሜ ንብረት ነው ብሏል። ደወልኩለት። ሐዘኑ ሳይወጣ ይህ ነውር ነው አልኩ። በአክብሮት አዳመጠኝ፤ ሳሙኤል ለእኔ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «ጋሼ፣ ለማን ልተወው? ቤቱ እንደሁ አይቆምም» አለኝ።

ሰላም ለቤተሰብህ ብዬ ዘጋሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ሄድኩ። መሄድ ግዴታዬ መሰለኝ።

ዶዘሩ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቶች ተሰልፈው ነበር። ለማስጣል አይደለም። አንዱ መስኮቱን፣ ሌላዋ የመታጠቢያ ገንዳውን ይጠይቋታል፤ በትሕትና፣ በተራ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው እጇን ጨብጠው። ጎጎ ማርታ በሩን ወሰዱ፤ ሁለት ጎረምሶች ተሸከሙላቸው። እያለፉ አንድ ነገር አሉኝ። ፓሌሳ ይህን አልተረጎመችውም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እሷ ጎመን ትቆርጥ ነበር። ከንጋት ጀምራ። ቅጠሉን እያሰረች ታክሲ ላይ ታስጭናለች፤ ጀፕ ትልከዋለች። ማሽኑ ሲነሣ እንኳ ቀና አላለችም።

ግድግዳው በቀላሉ ወደቀ፤ እንደዚህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የኩባንያው ሰው ትሑት ወጣት ነው፤ አቧራው እንዳይነካኝ ራቅ በሉ አባ አለኝ። በመጨረሻ ፍርስራሹን ገፍተው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። ልክ ሞላው። ሾፌሩ ወርዶ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገው።

ፓሌሳ አንድ እስር አመጣችልኝ። «ውሰድ፣ ንታቴ። የመጨረሻው ነው።» ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኋት። ሂልብሮው፤ ከሴቶች ጋር አንድ ክፍል። ማኅበሩ ሊረዳሽ ይችላል አልኩ። በምን ብላ ጠየቀች። ለማላገጥ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነው።

ማታ ጎመኑ ተሠራ። ሊዲያ አልበላም ብላ ተነሣች። እኔ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ስልክ ከአገር ቤት። ወ/ሮ አየለች፣ የታምራት እናት። የለቅሶው ግርግር ጋብ ሲልላቸው ሊያመሰግኑኝ ቁጥሬን አፈላልገው ነው። ድምፃቸው የደከመ፣ ግን የጠራ። ጌታ ይባርክዎ፣ ልጄን ከባሕር ማዶ አመጡልኝ አሉ። ለተናገርኳቸው የማጽናኛ ቃል ሁሉ አሜን ይሉ ነበር።

ከዚያ ስለ ፓሌሳ ጠየቁ። በየእሑዱ በታምራት ስልክ እየደወለች እማዬ ትላቸው እንደነበረ፣ አሁን ድምፅዋ እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። አስከሬኑ ሲመጣ ምን አለች? አልከፋትም? እሷን ጠይቃችሁ ነው ያመጣችሁት?

የእናት ፈቃድ ስለሆነ አልኩ። ሌላ የማውቀው ቃል አልነበረም።

«እኔን የጠየቀኝ የለም» አሉ። «ብጠየቅማ እዚያው ሚስቱ ደጅ ይረፍ እል ነበር። ሣጥኑንም ቢሆን አትክፈቺ ብለው ከለከሉኝ። ምን አየሁ? እንጨት አየሁ።»

ፓሌሳስ፣ ቤቷ ደህና ነው ወይ አሉኝ። ደህና ናት አልኩ። ቤቷን ነው የጠየቁኝ፤ እኔ ስለ እሷ መለስኩ። እሳቸው ግን ልብ አላሉትም፤ ተመስገን አሉ።

«እንግዲህ ይህችን ያድርሱልኝ» አሉ። «እናቱ መርዶውን እንጂ ሌላ አልሰማችም፣ እናቱ አልወሰደችብሽም በሉልኝ። ልጄ ያንቺ ነበር በሉልኝ።»

እነግራታለሁ አልኩ። ቃል ሰጠሁ።

ማታ

ለሊዲያ ነገርኋት። ሰሃን እያጠበች ነበር፤ እጇን ሳታደርቅ ዞረች። ፓፓ፣ ይህን ብትነግራት ቤቱ ይመለሳል ወይ አለች። አይመለስም። ሬሳውስ? አይመለስም። ታዲያ ለማን ብለህ ነው? እሷ እስከ ዛሬ እናትየዋ ፈልጋው ነው ብላ ተጽናንታ ይሆናል፤ ይህን መጽናኛዋንም ልትነጥቃት ነው?

ልጄ ልክ ናት። ይህ ቃል ለፓሌሳ ምሕረት አይሆንም። ግን መልእክቱ የእኔ አይደለም፤ የሰውን ቃል አስቀርቶ ስለ ሌላው መፍረዱን አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ነገ ሂልብሮው እሄዳለሁ። ሊዲያ መንገዱን ታድርሰኝ፣ ፎቁን ግን ብቻዬን እወጣለሁ። እናቱ አልወሰደችብሽም እላታለሁ፣ እንደታዘዝኩት፣ ሳላለዝብ። ታዲያ ማን ወሰደብኝ ካለች፣ ቆሜ እመልስላታለሁ።